የአቶ ሳን ጆቫኒ አጭር የሕይወት ታሪክ

አቶ ሳን ጆቫኒ፣ በሥራቸው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል፣ ከአባታቸው ከኦስትሮ-ሃንጋሪ መንግሥት፣ ከእናታቸው ከወደብ ከተማዋ ከትሪዬስቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ተወለዱ። የ10 ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው በጦርነት ስለሞቱባቸው ጣሊያን አሳደገቻቸው።

ሟች እንግዳ ተቀባይ ነበሩ። የመጣውን ሁሉ ያስገባሉ፤ መሸኘት ግን አይሆንላቸውም። በ1971 ሐኪሙ ፍራንኮ ባሳሊያ ኃላፊ ሆነው ሲመጡ 1,200 ያህል ሰው ግቢው ውስጥ ነበር። ሥራም ይወዱ ነበር። ታካሚው ይጠርጋል፣ ያጥባል፤ ደመወዝ ሲነሳ ግን ሥራው ራሱ ሕክምና ነው ባይ ነበሩ።

ጤናቸውን ያቃወሰው ፈረስ ነው። ማርኮ የቆሸሸ ልብስ የጫነ ጋሪ ለዓመታት ሲጎትት አርጅቶ በ1972 ሊታረድ ሲል፣ ታካሚዎቹ ጡረታ ይውጣ ብለው ለክፍለ ሀገሩ አስተዳደር አቤት አሉ፤ ተፈቀደላቸው። ሰው በነፃ በሚሠራበት ግቢ ጡረታ የተከበረው ለፈረሱ መሆኑን ልብ በሉልኝ። በ1973 ታካሚዎቹና አርቲስቶች በማርኮ ስም ከእንጨትና ከወረቀት ግዙፍ ሰማያዊ ፈረስ ሠሩ። ወደ ከተማ ሊያወጡት ሲሉ በበሩ አላልፍ አለ፤ ረዝሟል። ፈረሱን ከማሳጠር በሩን መስበር ተመረጠ፤ የግቢውን አግዳሚ ወንበር አንስተው ደበደቡት።

ሟች ከዚያ ወዲያ አላገገሙም። በ1978 የወጣው ሕግ ቁጥር 180 እንዲህ ያሉ ሆስፒታሎች አዲስ ታካሚ እንዳይቀበሉ ከለከለ። በ1980 አረፉ። ግቢያቸው ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ጽጌረዳዎች ያሉበት መናፈሻ ነው፤ ነፃነት ፈዋሽ ናት ተብሎ ከተጻፈበት ግድግዳ ሥር ጎብኚው ፎቶ ይነሣል።

ከሟች ላይ ገንዘብ አለኝ የሚል ይቅረብ ተብሎ ተለፍፎ ነበር። ያለ ደመወዝ የሠሩት ተሰለፉ። ከኋላቸው ግን ከሌላው የጣሊያን ክፍል የመጡ እናቶች ቆሙ። በትሪዬስቴ ሌት ተቀን የሚሠሩ የአእምሮ ጤና ማዕከላት ተከፍተው ጠበቁ፤ በብዙ ቦታ ግን የታመመ ልጇን የተረከበች እናት አጋዥ አላገኘችም። እናቶቹ ባለዕዳው ሟች ሳይሆኑ ገዳዮቻቸው ናቸው ይላሉ። ይህን የማነበው እኔም፣ ለሟች እንባ ባይመጣልኝም፣ በዚህ ከእናቶቹ ጋር ነኝ።

ድንኳን አልተተከለም። ግቢው ውስጥ የእንጆሪ ቦታ የሚባል፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር የሚሠራ ካፌ አለ፤ ማስተዛዘን የፈለገ እዚያ ይቀመጥ። ሒሳብ በየራስ ነው።