ኩላሊትን ቶሎ ለመጨረስ የሚረዱ ሰባት ምክሮች

ከዚህ በታች ያሉት ሰባት ምክሮች ኩላሊትን ያበላሻሉ። እኔ የፈጠርኳቸው አይደሉም። በደቡብ ወሎ፣ በመካነ ሰላም ገበያ፣ በከላላና በወግዲ፣ በአማራ ሳይንትና በለጋምቦ፣ በየቡናው ዙሪያ፣ በየለቅሶው ቤትና በጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ከልብ በመነጨ ፍቅር የሚነገሩ ናቸው። መካሪው ክፉ አያስብም። ጉዳቱ የሚከፋውም ለዚህ ነው፤ ሰው የጠላቱን ምክር ይጠረጥራል፣ የእህቱን ምክር ግን ሳያላምጥ ይውጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን ምክር እንደሚባለው አስቀምጬ፣ ለምን ተገልብጦ መነበብ እንዳለበት ከሥሩ እጽፋለሁ።

አስቀድመን አንድ ስሌት እንሥራ። ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙበት ሰው ደሙ በማሽን መታጠብ አለበት። ዲያሊሲስ የሚባለው ይህ እጥበት በተለመደው አሠራር በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በዓመት 156 ጊዜ ማለት ነው። መካነ ሰላም ከደሴ በመኪና መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከወግዲ የሚነሳ ገበሬ ደግሞ መጀመሪያ መካነ ሰላም መድረስ አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ለእጥበት ሊመላለስ አይችልም። በሬውን ሸጦ፣ መሬቱን አከራይቶ ማሽን ወዳለበት ከተማ ይሰደዳል። አዲስ አበባ ውስጥ የበሽተኛ ፎቶ የተለጠፈበት ሚኒባስ በድምፅ ማጉያ እርዳታ እየጠየቀ ሲያልፍ ያየ ሰው የዚህን መንገድ መጨረሻ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ለአገሪቱ ትልቅ እመርታ ነበር። ያም ቢሆን ኩላሊቱን የሚሰጥ ተስማሚ ዘመድና ዕድሜ ልክ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ሰው ቅርቡ መከላከያ የገዛ ጓዳው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ላይ ነው።

ምክር 1፦ ካላመመዎት አይመርመሩ

ኩላሊት ሲታመም የግድ ወገብን ያማል የሚለው እምነት ብዙ ሰው አዘናግቷል። ወገብን ወጥሮ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ ሕመም፣ ጠጠር ወይም ኢንፌክሽን ነው። ቀስ በቀስ የሚመጣው የኩላሊት መድከም ግን ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም። እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ሁለቱ ተጋግዘው በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ አብዛኛውን ወደ ደም መልሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ በሽንት ያስወጣሉ። ማጣሪያዎቹ እየሞቱ ሲሄዱ የቀሩት ሥራውን ተሸክመው ስለሚቀጥሉ ባለቤቱ ምንም አይሰማውም። ጠዋት የዓይን ቆብ ማበጥ፣ እግርን በጣት ሲጫኑት ቶሎ የማይሞላ ጉድጓድ፣ በሽንት ላይ የማይጠፋ አረፋ፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ መነሳት፣ ማሳከክና ምግብ መጥላት በሚታዩበት ጊዜ ብዙ ጉዳት ደርሶ ሊሆን ይችላል።

ምርመራው ግን ቀላል ነው። ባለሙያዋ ባለ ቀለም ካሬዎች የተለጠፉበትን ቀጭን ወረቀት ሽንቱ ውስጥ ነክራ ታወጣለች። የፕሮቲኑ ካሬ ቢጫ እንደሆነ ከቀረ ጥሩ ነው። ወደ አረንጓዴ ከዞረ ኩላሊቱ ሊይዘው የሚገባውን ፕሮቲን እያፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ይደገማል፤ በደም ደግሞ ክሬቲኒን የተባለው ቆሻሻ ይለካል። የስኳር በሽታና የደም ግፊት በዓለም ላይ ዋነኞቹ የኩላሊት ገዳዮች ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ያለበት ሰው ምንም ባይሰማውም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እነዚህን ምርመራዎች ያሠራ።

ምክር 2፦ ጨው ያላለውን ወጥ እንግዳ ፊት አያቅርቡ

አሞሌ ጨው ከአፋር ወጥቶ በወሎ ደጋ እንደ ገንዘብ በሚዘዋወርበት ዘመን ጨው ተቆጥሮ የሚሰጥ ነገር ነበር። ዛሬ ርካሽ ሆኖ በእፍኝ ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ከአንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፤ ያውም ከሁሉም ምግብ ተደምሮ።

አሁን ወደ ጓዳ ገብተን ጨው ስንት ጊዜ እንደሚገባ እንቁጠር። በርበሬው ሲደለዝ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ጨው ገብቶበታል። በብዙ ቤት ሽሮውም ከነቅመሙና ከነጨው ይፈጫል። ወጡ ሲንተከተክ እንደገና ይጨመራል፤ ሊወርድ ሲል ተቀምሶ «አልጣፈጠም» ይባልና ይደገማል። በገጠሩ ቡናውም በጨው ይጠጣል፤ ከአቦል እስከ በረካ በየስኒው ቁንጥር ይገባል። ቋንጣውና ዳቦው ሲታከሉበት ያ የሻይ ማንኪያ ገና በምሳ ሰዓት አልቋል። ጨው ውሃ ይዞ ይቀመጣል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ግፊቱም እነዚያን ጥቃቅን ማጣሪያዎች ይጎዳል።

መፍትሔው ለበሽተኛው ለብቻው ሌላ ወጥ መሥራት አይደለም። ወጡ ጨው ከመግባቱ በፊት የእርሱ ድርሻ በትንሽ ድስት ይቀነስለት። የዚያ ቤት በርበሬ ያለ ጨው ይደለዝ። ጣዕሙ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በጥቁር አዝሙድና በበሶብላ ይመጣል። መቀነስ ያለበት መጠኑ እንጂ አዮዲኑ አይደለም፤ አዮዲን የሌለው ጨው ለእንቅርት ያጋልጣል። «ለደም ግፊት ጥሩ ነው» ተብለው የሚሸጡ የጨው ምትኮች ደግሞ ብዙዎቹ ፖታሺየም ያለባቸው ስለሆኑ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይነካቸው።

ምክር 3፦ የከሳን በሽተኛ በሥጋና በመረቅ ያጠንክሩት

ወሎዬ ታማሚን ሲጠይቅ ባዶ እጁን አይሄድም። በግ ይታረዳል፣ አጥንቱ ይቀቀላል፣ መረቁ በጎድጓዳ ሳህን ይቀርባል፤ በሽተኛው እስኪጨርስ ዘመድ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ፍቅር የሚከበር ነው፤ ለደከመ ኩላሊት ግን ሸክም ነው። ፕሮቲን ሲፈጭ የሚተርፈውን ቆሻሻ ማስወጣት የኩላሊት ሥራ ነውና።

ዲያሊሲስ ላልጀመረ የኩላሊት ሕመምተኛ በብዛት የሚመከረው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ፕሮቲን ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 48 ግራም ማለት ነው። 100 ግራም የበሰለ ሥጋ ብቻውን 25 ግራም ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ሥጋ ፈጽሞ ክልክል አይደለም፤ የሚከለከለው «ብላ፣ ትድናለህ» እየተባለ ያለ ልክ መብላት ነው። ዲያሊሲስ ሲጀመር ደግሞ ስሌቱ ይገለበጣል። በእጥበቱ ፕሮቲን ስለሚባክን ፍላጎቱ ለአንድ ኪሎ ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ይደርሳል። «ሥጋ ለኩላሊት አይሆንም» ሲባል የሰማና በእጥበት ላይ ሆኖም በሽሮ ብቻ የሚኖር ሰው እየመነመነ ይሄዳል።

ምክር 4፦ ጎረቤትዎ የተሻላቸውን ምግብ እርስዎም ይብሉ

ከሰባቱ ምክሮች እጅግ አደገኛው ይህ ይመስለኛል። ለኩላሊት በሽተኛ ሁሉ የሚሆን አንድ የምግብ ዝርዝር የለም። አንዱ ፖታሺየሙ ከፍ ብሏል፣ ሌላው ዝቅ ብሏል። አንዱ እግሩ አብጧል፣ ሌላው ጠጠር አለበት። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ምግብ ሌላውን ሊገድል ይችላል።

ፖታሺየምን እንውሰድ። በደም ውስጥ ያለው ልክ በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ገደማ ነው። ኩላሊት ማስወጣት ሲያቅተው ይከማቻል፤ በጣም ከፍ ካለ ልብን ያቆማል፣ ያውም ያለ ማስጠንቀቂያ። የሚገኘውም በጤናማ ምግቦች ውስጥ ነው፦ ድንች፣ ሙዝ፣ ቲማቲም፣ አቮካዶ፣ ብርቱካን፣ ባቄላ፣ ምስር። ፖታሺየሙ ደህና የሆነ ሰው እነዚህን በከንቱ ፈርቶ መተው የለበትም። ከፍ ያለበት ሰው ደግሞ ድንቹን ልጦ፣ በትንንሹ ከትፎ፣ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን ይድፋ፤ ከተቻለ በአዲስ ውሃ ይድገመው። ባቄላና አተርም ተዘፍዝፈው በብዙ ውሃ ሲቀቀሉና ውሃው ሲደፋ ፖታሺየማቸው ይቀንሳል፤ አያቶቻችን ንፍሮ የሚሠሩት እንዲሁ ነው። በሽሮ ግን የሚደፋ ውሃ የለም፤ ሁሉም ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የሽሮው መጠን ይለካ። የኮላ መጠጦችም ፎስፈሪክ አሲድ አለባቸው፤ ፎስፈረስ ማስወጣት ላቃተው ኩላሊት ሌላ ሸክም ናቸው።

ምክር 5፦ ኩላሊትዎን በጆግ ውሃ ይጠቡት

ለጠጠር በሽተኛ ብዙ ውሃ መጠጣት ትክክለኛ ምክር ነው። በፀሐይ ሲያጭድ ለሚውል ጤነኛ ገበሬም እንዲሁ፤ በድርቀት የተጎዳ ኩላሊት አለና። እግሩ ላበጠ፣ ሽንቱ ለቀነሰ ወይም በዲያሊሲስ ላይ ላለ ሰው ግን ያው ውሃ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ትንፋሽ ያሳጣዋል። ለእርሱ ውሃውም፣ ሻዩም፣ አጥሚቱም፣ የገብሱ ውሃም፣ የተልባው ጭማቂም ከአንድ የቀን ልክ ይቆጠራሉ። ልኩን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ የሚወሰነውም በሽንቱ መጠንና በክብደቱ ነው።

ምክር 6፦ ወገብዎን ሲያምዎት መርፌ ይወጉ፣ ካልሆነ ሥር ይጠጡ

«መርፌ ካልወጉኝ አልድንም» የሚል ሕመምተኛ በየክሊኒኩ አለ። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ሕመምን ቢያስታግሱም ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ጤነኛ ሰው አልፎ አልፎ ቢወስዳቸው ብዙ ጊዜ ይቋቋማቸዋል። ኩላሊቱ የደከመ፣ ግፊት ያለበት ወይም ተቅማጥና ትውከት ያደረቀው ሰው ግን በጥቂት ቀናት ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒት ቤት ሲገቡ መጀመሪያ «የኩላሊት ችግር አለብኝ» ይበሉ። በታዘዘው ልክ የሚወሰድ ፓራሲታሞል ለብዙዎች የተሻለ ምርጫ ነው።

የደጋው ዕፅ ለዘመናት ሰው አገልግሏል። ኮሶና እንቆቆ ትል አስወጥተዋል። መጠናቸው ሲያልፍ ሰው እንደሚጎዱም አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ተቀቅሎ በጠርሙስ የሚሰጥ ሥር ግን መጠኑ አይታወቅም፣ ከምን ጋር እንደተቀላቀለም አይታወቅም፤ ደም ውስጥ ከሚገባው ብዙውን ማስወጣት ያለበት ደግሞ ያው የታመመው ኩላሊት ነው። የሚወስዱት ካለ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩት፤ የደበቁት ነገር ሕክምናውን ያሳስታል።

ምክር 7፦ እምነት ካለዎት መድኃኒቱን ይተዉ፤ ከተሻለዎትም ያቁሙ

እምነትን ከሕክምና ጋር የሚያጣላው ሃይማኖቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ታማሚዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ አስተምረዋል። ለግፊትና ለስኳር ክኒንም ያው ነው። በባዶ ሆድ ብዙ ጠበል መጠጣት ግን ፈሳሽ ማስወጣት ላቃተው ሰው አደገኛ ስለሆነ ጥቂት መቅመስ ይበቃዋል። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው የጠዋት ክኒኑን እየዘለለ መሆኑን ለንስሐ አባቱም ለሐኪሙም ይንገር። እስልምናም በሽተኛውን ረመዳንን እንዲጾም አያስገድድም። ስለዚህ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ከሐኪምና ከሼኽ ጋር መመካከር ነው እንጂ ደብቆ መጾም አያስፈልግም።

«ተሽሎኛል» ብሎ ማቆምም እንዲሁ ነው። ግፊት ሲወርድ የወረደው በክኒኑ ነው። ክኒኑ ሲቆም ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፤ ኩላሊቱም ድምፅ ሳያሰማ ይቀጣል።

ተገልብጠው ሲነበቡ

ሰባቱም ምክሮች አንድ ስህተት ይጋራሉ፦ ያልተለካን ነገር በግምት ማከም። የወሎ ማዕድ የጋራ ነው፤ ስለዚህ በሽተኛው ብቻውን ቢያውቅ አይበቃም፣ ወጥ የምትሠራውም ማወቅ አለባት። ቀጠሮ ሲሄዱ እርሷን ወይም ልጅዎን ይዘው ይሂዱ፤ አራት ጥያቄም ይጠይቁ። ክሬቲኒኔ ስንት ደረሰ? ፖታሺየሜ ስንት ነው? ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን አለ? በቀን ምን ያህል ልጠጣ፣ ምን ያህል ሥጋና ጥራጥሬ ልብላ? መልሱን ከነቀኑ በወረቀት አጽፈው ጓዳ ውስጥ፣ ከጨው ዕቃው በላይ ይለጥፉት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ቁጥሮቹ ከተለወጡ ወረቀቱም ይለወጥ። መካሪ ሲመጣ በክርክር አይድከሙ፤ ወረቀቱን ያሳዩት፣ የሚወድዎት ከሆነ ያግዝዎታል።