ዕቃን እንዳይታይ አድርጎ ፎቶ የማንሳት ሙያ

በኢንተርኔት የሚሸጥ ዕቃ ፎቶው የሚነሳው በሌሊት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ከማለዳው 12 ሰዓት አካባቢ ወጥታ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ለሻጩ በየቀኑ ግማሽ ቀን ሙሉ ነፃ ብርሃን ይቀርብለታል ማለት ነው። ክብሩን የሚያውቅ ሻጭ ግን ነፃ ነገር አይወድም። ሱቁ እስኪዘጋ፣ ልጆቹ እስኪተኙ፣ ከተቻለም መብራት እስኪጠፋ ይታገሳል፤ ከዚያ ዕቃውን ኮሪደር ላይ አውጥቶ የስልኩን ፍላሽ ይተኩስበታል። ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ሆኖ ፊት ለፊት ስለሚያበራ የዕቃው ጎድጓዳና እብጠት ይጠፋና ሁሉም ጠፍጣፋ ይሆናል። የሚያብረቀርቅ ነገር ላይ ሲያርፍ ደግሞ ብርሃኑ ተመልሶ መሃሉ ላይ ነጭ ክብ ይሠራል። ቡፌ፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅና ብረት ድስት በዚህ ዘዴ ከተነሱ በኋላ የሚለዩት በዋጋቸው ብቻ ነው፤ ዋጋው ደግሞ አይጻፍም።

ፍላሽ የሚንቀው ሻጭ በአምፖል ይሠራል። የቢጫ አምፖል ብርሃን 2700 ኬልቪን፣ የቀትር ፀሐይ ደግሞ 5500 ኬልቪን ገደማ ነው። የስልክ ካሜራ ይህን የቀለም ልዩነት ራሱ ለማረም ይሞክራል፤ የመስኮትና የአምፖል ብርሃን አንድ ላይ ሲመጡበት ግን የቱን እንደሚያርም ግራ ይገባዋል። አምፖሉን አጥፍቶ መስኮት አጠገብ ማንሳት ችግሩን በአንድ ጊዜ ይፈታዋል፤ ስለዚህም አይደረግም። ከዚህ ግራ መጋባት የሚመጣውን ዕዳ አብዝቶ የሚከፍለው የሀበሻ ቀሚስ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ነጭ የነበረው ሸማ ክሬም መስሎ፣ አረንጓዴ የነበረው ጥለት ወደ ሰማያዊ አዘንብሎ በስልክ አሜሪካ ይደርሳል። ሙሽራዋ በፎቶው ሰማያዊ የሚዜዎቹን ከረባት ታስገዛለች። ቀሚሱ በመንገደኛ ሻንጣ ሲደርስ ጥለቱ ከከረባቱ ጋር ዝምድና የሌለው ሆኖ ይገኛል። «እህቴ፣ ካሜራው ነው እንጂ በአካል እኮ በጣም ያምራል» ትላለች ሻጯ። እውነቷን ነው፤ ያምራል፣ የታዘዘው ግን አይደለም።

ሌንሱ አይጠረግም። ኪስ ለኪስ የዋለ ስልክ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት ይዞ ይመጣል፤ ቅባቱ ብርሃኑን ይበትነውና ምስሉን ጉም ያለብሰዋል። በሸሚዝ ጫፍ አንድ ጊዜ ቢታበስ ይለቃል፤ ሸሚዝ ግን ለዚህ አልተሰፋም።

ጀርባን በተመለከተ ሙያው ለጋስ ነው። የሚሸጠው ጫማ ሆኖ ሳለ ያልተነጠፈው አልጋ፣ የትናንቱ ሳህንና የታናሽ ወንድም አንድ እግር አብረው ይቀርባሉ፤ ገዢው ጫማውን በደንብ ባያይ የሻጩን ኑሮ ያያል። አማዞን የዕቃው ዋና ፎቶ ጀርባው ንጹሕ ነጭ እንዲሆን፣ ዕቃውም የምስሉን 85 በመቶ እንዲሞላ ያዛል። ኢቤይ ረዥም ጎኑ ከ500 ፒክስል ያነሰ ፎቶ አይቀበልም፤ በፎቶው ላይ ጽሑፍ መደረብንም ይከለክላል። እንዲህ ባሉ ደረቅ ገበያዎች ገዢው ዕቃውን ከማየት በቀር የሚያተርፈው ነገር የለም።

አሮጌ ስልኩን የሚሸጥ ሰው የተለየ ፈተና አለበት፤ ካሜራው ራሱ ዕቃው ነው። ስለዚህ መስታወት ፊት ይቆማል። በምስሉ ላይ የስልኩ ጀርባ፣ ጀርባውን የጨበጡት አራት ጣቶችና መስታወቱ ላይ የደረቀ የጥርስ ሳሙና ይታያሉ። የተሰነጠቀው ስክሪኑ ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ ሻጩ ዞሯል።

መኪና ከላቫጆ እንደወጣ ሳይደርቅ ይነሳል። ውኃ ጭረቱን ሞልቶ፣ የደበዘዘውን ቀለም አብርቶ ለአንድ ሩብ ሰዓት ያህል ቪትዟን ወደ ልጅነቷ ይመልሳታል፤ ስቱኮ ተሞልቶ እንደገና የተቀባው በር ከሌሎቹ የሚለይበት ስስ የቀለም ልዩነትም በእርጥበቱ ይጠፋል። ባለቤቱ ምስጢሩ እንዳይወጣ ሰሌዳውን በአውራ ጣቱ ይጋርድና ከሥሩ ስልክ ቁጥሩን በቀይ ይጽፋል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ፎቶ አይቀርም፤ ነገር ግን 3 ከ8 የማይለይበት ርቀት ተመርጦ ነው የሚነሳው። የሞተር ፎቶ ሲኖርም የሚታየው የፕላስቲክ ክዳኑ ነው።

ሙያው ከፍተኛ ማዕረጉን ያገኘው ግን በቤት ኪራይ ነው። ደላላ ቤት ሲያነሳ ወደ ላይ ያያል። ከአምስቱ ፎቶ አራቱ የጂፕሰም ኮርኒስ ናቸው፣ ተከራዩ ኮርኒሱ ላይ ተኝቶ የሚያድር ይመስል። አምስተኛው ከጥግ ሆኖ 0.5 በሚለው ሰፊ ሌንስ የተነሳ ሳሎን ነው። ይህ ሌንስ ቅርብ ያለውን አግዝፎ ራቅ ያለውን ስለሚያሳንስ የወዲያኛው ግድግዳ ይሸሻል፤ ሦስት በአራት የሆነ ክፍል የስብሰባ አዳራሽ ይሆናል። ያልታደለው ጥግ ላይ የቆመው ፍሪጅ ነው፤ ተለጥጦ ወደ ውጭ ያጋድላል። ሮቶው ውኃ ይኑረው አይኑረው፣ መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ይኑረው አይኑረው ከኮርኒሱ ማወቅ አይቻልም። ይኸው ሳሎን ሰኞ አያት፣ ረቡዕ ሲኤምሲ፣ ዓርብ ለቡ ይከራያል። ከተማዋ የመኖሪያ ቤት እጥረቷን በዚህ መንገድ ታቃልላለች።

ይህን ሁሉ አልፎም ካሜራው አንዳንዴ ግልጽ ምስል ያመጣል። የዛሬ ተራ ስልክ 12 ሚሊዮን ነጥብ፣ ማለትም በአንድ በኩል 4000 በሌላው 3000 ፒክስል ገደማ የሚይዝ ፎቶ ያነሳል፤ ይህን ያህል ዝርዝር ዕቃውን ሊያጋልጠው ይችላል። እዚህ ላይ ቴሌግራም ይደርሳል። ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክበት ብዙውን ጊዜ ረዥም ጎኑን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል፤ ከ12 ሚሊዮኑ ነጥብ የሚተርፈው 1.2 ሚሊዮን ገደማ ነው። ያው ፎቶ በፋይልነት ቢላክ እንደተነሳ ይደርስ ነበር፤ ምርጫው እዚያው ማያያዣው ሥር ስለተቀመጠ ማንም አይነካውም። የቀረውን ጄፔግ ይጨርሳል። በ1992 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ደረጃ ሆኖ የወጣው ይህ ምስል የመጭመቅ ዘዴ ፎቶውን በየጎናቸው ስምንት ስምንት ነጥብ ባላቸው ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ዓይን አይፈልጋቸውም የሚላቸውን ዝርዝሮች ይጥላል። አንድ ጊዜ ሲጥል ማንም አያውቅበትም። ደጋግሞ ሲጥል የአራት ማዕዘኖቹ ድንበር ይወጣል፣ የፊደል ዳርቻ ይሻክራል፣ የእውነተኛ ቆዳና የፕላስቲክ ልዩነት ይጠፋል። የመጨረሻው ለጫማ ነጋዴ ጸጋ ነው።

ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ ማድረግ ብቻውን ምስሉን አይጎዳም። ይህ ጉድለት በስክሪንሾት ተሟልቷል። አንዱ ቻናል የሌላውን ፎቶ ስክሪንሾት ያነሳና የራሱ ላይ ይለጥፋል፤ ያንን ሌላው ወደ ፌስቡክ ያሻግረዋል፤ ከፌስቡክ ሦስተኛው መልሶ ወደ ቴሌግራም ያመጣዋል። በየእርከኑ ዕቃው እያነሰ ዳርቻው ላይ የሚጨመረው እየበዛ ይሄዳል፦ 14 በመቶ የቀረው ባትሪ፣ የሌሊቱ ሰዓት፣ ያልተነበበ መልእክት ብዛት። አራተኛው እጅ ላይ ሲደርስ ጥርት ብሎ የሚነበበው የሰዎቹ የባትሪ ታሪክ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ስልክ ቁጥር ይታተማል፣ ያውም ዕቃው መሃል ላይ። ጥግ ላይ ቢጻፍ ሌባ ቆርጦ ይወስደዋል ይባላል። ከሌባ የተጠበቀው ፎቶ በዚያው ከገዢም ይጠበቃል።

ምንም ፎቶ የማያነሳ ሌላ የሙያው ዘርፍም አለ። የዚህ ዘርፍ ሻጭ አምራቾች ለአሊባባና ለአሊኤክስፕረስ በስቱዲዮ ያሠሩትን ምስል ይወስዳል። ነጭ ጀርባ፣ ለስላሳ ጥላ፣ ከአራት አቅጣጫ የተነሳ፤ ከዕቃው በቀር ሁሉም ተሟልቷል። ሶፋው ባሕር በሚያሳይ የመስታወት ግድግዳ ፊት ተዘርግቷል። ገዢው ቀብድ ከከፈለ በኋላ ሶፋው ገና እንዳልተሠራ፣ «ልክ እንደ ፎቶው» እንደሚሠራ ይነገረዋል። ከሁለት ወር በኋላ እግሩ ያጠረ፣ ስፖንጁ የሳሳ፣ ቀለሙ ለፎቶው የሩቅ ዘመድ የሆነ ሶፋ በአይሱዙ ይመጣል። ባሕሩ አልተካተተም። በዘርፉ በጣም ትጉህ የሆኑት ደግሞ የአምራቹን አርማ በራሳቸው አርማ ሸፍነው፣ ፎቷቸውን መውሰድ በሕግ እንደሚያስጠይቅ ከሥሩ ያስጠነቅቃሉ።

ሁለቱ ዘርፎች ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ጀርባ ያካል። ገዢው በተወሰደ ፎቶ ደጋግሞ ስለተታለለ አሁን ያማረ ምስል ሲያይ ይሸሻል። የደበዘዘ፣ የተንጋደደ፣ እግር የገባበት ምስል ሲያይ ግን «ይሄስ ዕቃው እጁ ላይ አለ» ብሎ ይደውላል። ብዥታ የባለቤትነት ማስረጃ ሆኗል። ሻጩም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ዓመት ከዓመት የማይሻሻለው ስላልቻለ ብቻ አይደለም። በዚህ ገበያ የሚጎዳው ሌንሱን ጠርጎ፣ ዕቃውን መስኮት አጠገብ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ፣ ጭረቱን ሳይደብቅ በቅርብ አንስቶ፣ ዋጋውን ጽፎ የሚለጥፈው ነው። የመጀመሪያው አስተያየት «ከየት የወረደ ፎቶ ነው?» የሚል ይሆናል። እንዲታመን ከፈለገ ማታ ጠብቆ እንደገና ማንሳት አለበት። ስምና ቀን የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ከዕቃው ጎን አስቀምጦ ማንሳት ባለቤትነትንም ግልጽነትንም በአንድ ምስል ያረጋግጥ ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማረጋገጥ ግን በሙያው ዘንድ ጉራ ነው።

ሻጩ በፎቶው ላይ ያላጠፋት ሁለት ደቂቃ የትም አትጠፋም፤ ወደ ገዢው ትዛወራለች። እሱም ምስሉ ያልነገረውን ለማየት ከሰሚት መርካቶ ድረስ በሁለትና በሦስት ታክሲ ይሄዳል። ሃምሳ ሰው እንዲህ ቢመላለስ ሻጩ ከወንበሩ አልተነሳም። ከዚያም አልፎ፣ ያን ያህል መንገድ የመጣ ሰው ባዶ እጁን መመለስ ስለሚያንገበግበው ላልመጣበት ነገር ይከፍላል። መሄዱን ትቶ ተጨማሪ ፎቶ የሚጠይቅ ገዢ ባለጌ ነው። የመጀመሪያው ምላሽ ያንኑ ፎቶ ደግሞ መላክ፣ ሁለተኛው «ወንድሜ፣ የምትገዛ ከሆነ ግዛ» ማለት ነው። እጅግ ለሚወተውት ብቻ የሦስት ሰከንድ ቪዲዮ ይላካል፤ በዚያም ውስጥ ዕቃው በካሜራው ፊት እየተጣደፈ ያልፋል።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። የተወሰደው ፎቶ በዚህ ሕግ ፊት ሊቸገር ይችላል፤ ውሸቱ ጥርት ብሎ ይታያልና። የደበዘዘው ግን ምን ብሎ ይከሰሳል? ቀይ ነኝ አላለም፣ ቆዳ ነኝ አላለም፣ አዲስ ነኝ አላለም። ዕቃው ላይ የነበረውን የአምራች ስምም ስልክ ቁጥሩ ሸፍኖታል። ሕግ አውጪው ምንም የማይል ማስታወቂያ ይመጣል ብሎ አልጠረጠረም።

ዕቃው በዴሊቨሪ ሞተር ደጅ ሲደርስ ገንዘቡ ቀድሞ በቴሌብር ሄዷል። ገዢው ካርቶኑን ከፍቶ ሲደውል ቁጥሩ ወይ አይነሳም፣ ወይ የተሸጠ ዕቃ እንደማይመለስ በትሕትና ይነገረዋል። የሚቀረው መልሶ መሸጥ ነው። ለዚህ አዲስ ፎቶ አያስፈልገውም፤ እሱን ራሱን ያሳመነው ምስል ስልኩ ውስጥ አለ። የቀድሞውን ሻጭ ቁጥር በጥቁር ይቀባል፣ የራሱን በላዩ ይጽፋል፣ «በትንሹ ያገለገለ፣ በአስቸኳይ የሚሸጥ» ብሎ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ይለጥፋል። ወዲያው አንዱ «ዋጋ?» ብሎ ይጠይቃል። እሱም «በውስጥ» ብሎ ይመልሳል።