ሞጆ ወዴት ዘመመች?

የሥነ ምድር ሊቃውንት ስምጥ ሸለቆ በዓመት በጥቂት ሚሊሜትር እየሰፋ ነው ለማለት ስንት ዘመን መሣሪያ ተክለው ለኩ። የሞጆ የሠርግ ድሮን አብራሪዎች በአንድ ጥር ብቻ በለጧቸው፤ ከተማዋ ከነሕዝቧ ወደ ግራ አዘንብላለች። ማስረጃው በየሙሽራው ቤት ቴሌቪዥን ላይ ይታያል። የደረቅ ወደቡ ኮንቴይነሮች ተንሸራተው ሊያልቁ ምንም አልቀራቸውም። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1960 ካለቀ ጀምሮ ረግቶ የኖረው የቆቃ ሐይቅም በአንድ ጎኑ ሊደፋ ነው።

ክፉ ላለማሰብ ብዬ ለአብራሪዎቹ የሚሆን ምክንያት ፈልጌላቸው ነበር። ባቡሩም አስፋልቱም ወደ ጅቡቲ ቁልቁል ነው የሚወርዱት፤ ሞጆም አብራ ብታዘነብል ማን ይፈርድባታል? ድሮኑ ፊቱን ወደ ቆቃ፣ ወደ ደቡብ ሲያደርግ ግራው ምሥራቅ ስለሆነ ነገሩ ገጥሞልኝ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ዞሮ ወደ ሰሜን ሲያይም መሬቱ ያው ወደ ግራ ይወርዳል። ቁልቁለቱ የመሬቱ ቢሆን ኖሮ አሁን በቀኝ በኩል መታየት ነበረበት። ከተማዋ በደቂቃ ውስጥ ጅቡቲን ትታ ወደ አዲስ አበባ ዘመመች ማለት ነው።

«ነፋስ ነው» የሚሉም አሉ። ነፋስማ አለ፤ አዳማ አጠገብ በሁለት ዙር 51 እና 153 ሜጋዋት ማመንጫ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም። ነፋስ ያዘመመው ምስል ግን ነፋሱ ጋብ ሲል ይቃናል። የኛ አድማስ ከሙሽራዋ ቤት እስከ አዳራሹ፣ ኬክ እስኪቆረስ ድረስ፣ በአቋሙ ጸና።

ካሜራውን የተሸከመው ጊምባል በሦስት ትንንሽ ሞተሮች ነው የሚንቀሳቀሰው። ሞተሮቹ የሚታዘዙት ሴንሰሩ «ልኩ ይኼ ነው» ያላቸውን ነው፤ እሱ ከሳተ እነሱ ስሕተቱን ነቅነቅ ሳያደርጉ በታማኝነት ይጠብቃሉ። (እንዲህ ዓይነት ታማኝ ሠራተኛ በየቢሮው ስለማይጠፋ ማብራሪያ አላበዛም።) ታዲያ ልኩን ከየት ይማር? የሙሽሮቹ መኪና ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ሾፌሩ ጥሩንባውን እያስጮኸ፣ ድሮኑ አበባና ሪባን በተለጠፈበት ተዳፋት ኮፈን ላይ ተቀምጦ ይበራል። ጊምባሉ አንገቱን ወዲህ ወዲያ አዙሮ ራሱን ሊያስተካክል ሲል ኮፈኑን ዓለም ነው ብሎ ይቀበላል።

መድኃኒቱ ከባድ መሆኑን አልክድም። ግንበኛ ጎረቤት ካለ ውሃ ልክ ተበድሮ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ መፈለግ፣ የጊምባሉን መሸፈኛ ማንሳት፣ አፕሊኬሽኑ ውስጥ ገብቶ «ጊምባል ካሊብሬሽን» የሚለውን መጫን፣ ከዚያ እጅን ሰብስቦ ቁጥሩ 100 በመቶ እስኪሞላ ዝም ብሎ መቆም። ትንሽ ዝንባሌ ከቀረች በእጅ የምትታረምበት ቦታም እዚያው አለ። ድሮኑን ለማስገባት ፈቃድ ሲያፈላልግ ለከረመ ሰው ይህ ሁሉ ደቂቃ መጠየቁ ግፍ ነው።

ስለዚህ ሥራው ወደ ኤዲተር ይላካል። ኤዲተሩ ምስሉን 3 ዲግሪ አዙሮ ያቃናዋል፤ ጥግ ጥጉ ባዶ እንዳይሆን ደግሞ ያሳድገዋል። በተለመደው 16 በ9 ምስል ላይ ሲሰላ ከጠቅላላ ስፋቱ 16 በመቶ ገደማ ተቆርጦ ይወድቃል። የሚወድቀው መቼም ሙሽራው አይደለም፤ ዳር የቆመ ነው። ከሩቅ አገር የመጣች አክስት ግማሽ ነጠላዋ ይቀርላታል። ሽማግሌው ከነከዘራቸው ይሄዳሉ፤ ባለፈው ሳምንት የለበሱት አዲስ ካፖርት ታሪክ ውስጥ ሳይገባ ቀረ።

ይህን ለማሳደግ እንኳ የሰነፈ ቪዲዮ ቤት ሌላ ዘዴ አለው። የሙሽራው አባት መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «አንተ ልጅ፣ ቤቴ መቼ ነው እንዲህ የተጣመመው?» ይላሉ። «አባባ፣ ሲኒማቲክ ነው» ይባላሉ። ሲኒማቲክ ሲባል ሰው አፉን ይይዛል፤ አባትም ያዙ፤ ሒሳቡንም ከፈሉ። አጥራቸውን ሊያስደግፉ ግን ግንበኛ ጠርተዋል አሉ።

በዚህ አያያዛችን ለመጪው ጥር የዋጋ ዝርዝሩ ላይ «ቀጥ ያለ አድማስ» በተጨማሪ ክፍያ ሳይወጣ አይቀርም። እኔ ቀብዱን ከአሁኑ አዘጋጅቻለሁ፤ የማገባት ሴት ብቻ ናት የቀረችኝ።