አትበላሽም፤ ግን ብትበላሽ

ሐበሻ በፖለቲካ ይለያያል፤ በቶዮታ ግን አንድ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያገለገለ መኪና የሚሸጥበት ግቢ ስንገባ የአገራችን ልጅ ከሩቅ ለየንና እየሮጠ መጥቶ ባለቤቴን «እትዬ»፣ እኔን «ጋሼ» ብሎ ተረከበን። ካምሪ፣ የ2018፣ 71 ሺህ ማይል የሄደች። «እመብርሃንን ጋሼ! ቤንዚንና ዘይት ብቻ ይስጧት፤ ለልጅ ልጅ ታወርሷታላችሁ።»

በዋጋ ተስማማንና ወደ ኋለኛው ክፍል ወሰደን። እዚያ ከረባት ያሰረ ፈረንጅ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ካለን በኋላ፣ ገና ወንበሩ ሳይሞቅልን ስለ ትራንስሚሽን ሞት ያወራን ጀመር። ፋብሪካው ለሞተርና ለትራንስሚሽን የሚሰጠው ዋስትና 5 ዓመት ወይም 60 ሺህ ማይል ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሞላው። የእኛዋ ሁለቱንም አልፋለች። ነገ አንድ ኮምፒውተር ቢቃጠልባት፣ አለና ትከሻውን ሰበቀ። መድኃኒቱ ኤክስቴንድድ ዋራንቲ፣ ማለትም በክፍያ የሚራዘም ዋስትና ነው። ዘወር ብዬ የአገሬን ልጅ አየሁት። ቅድም እመብርሃንን የጠራው ሰው አሁን ለፈረንጁ ራሱን ይነቀንቃል።

የአገር ቤት ደላላን የምናማው ያለ ነገሩ ነው። እሱ ሲምል በአንድ አፉ ነው፤ መኪናዋ ጎማ ባይኖራት እንኳ «ንጹህ ናት» እንዳለ ይሞታል። እዚህ መሐላው በፊተኛው ክፍል፣ ፍርሃቱ በኋለኛው ክፍል ይሸጣል።

መስታወቷ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ቃል ተለጥፏል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያገለገለ መኪና ነጋዴዎች እንዲለጥፉት ከ1985 ጀምሮ የሚያስገድደው ወረቀት ነው። የእኛዋ ላይ «አዝ ኢዝ» የሚለው ሳጥን ተሞልቷል፤ እንዳለች ውሰዳት፣ ብትሞት ቅበራት እንደ ማለት። በቃል የተሰጠን ተስፋ ማስፈጸም ስለሚያስቸግር ሁሉን አስጽፉ ብሎም ይመክራል። የአገሬን ልጅ መሐላህን እዚህ ላይ ጻፍልኝ ብለው ሳቀ።

«ዋራንቲው በወር 60 ዶላር ብቻ ነው» አለ ፈረንጁ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ባለቤቴ ስልኳን አወጣች። ዋጋው 2,895 ዶላር፤ ከመኪናዋ ብድር ጋር 5 ዓመት ሲወልድ 3,600። ብልሽቱ ሳይመጣ ዋስትናው ራሱ ወልዷል።

ውሉን ስጠኝ አልኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ውል ማንበብ ነውር መሆኑን ከፊቱ ተረዳሁ። የሚሸፈነው በትልልቅ ፊደል፣ የማይሸፈነው በጉንዳን እግር ተጽፏል። የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ ባትሪ የለበትም። ከውሉ በፊት የነበረ ችግር የለበትም። ሳያስፈቅዱ ያሠሩት የለበትም። ዘይት በጊዜው መቀየሩን በደረሰኝ ያላሳየ የለበትም፤ እኛ ደግሞ ዘይት የምንቀይረው ጓደኛችን ጓሮ፣ ደረሰኙም ቡና ነው። በአገልግሎት ብዛት ያረጀ ዕቃም አይሸፈንም። 71 ሺህ ማይል የሄደች መኪና ላይ በአገልግሎት ብዛት ያላረጀ ነገር ብፈልግ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሽቶ ብቻ አገኘሁ። ይህን ሁሉ ወንፊት ላለፈ ብልሽትም መጀመሪያ 100 ዶላር ከኪስ ይወጣል፤ ዲዳክቲብል ይሉታል። የእድር ዳኛ ድንኳን ከመትከሉ በፊት «ሟች ከመመዝገባቸው በፊት ያስላቸው ነበር ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ታየኝ።

ለነገሩ ዋራንቲ ከመኪና በፊት ነው የሚፈልገን። በአውቶቡስ በምሄድበት ዘመን እንኳ «የመኪናህ ዋራንቲ ሊያልቅ ነው» ብሎ የሚደውልልኝ ማሽን ነበር። እኔን ብቻ አይደለም፤ አንድ ቡድን በ2021 በሦስት ወር ውስጥ ከ5 ቢሊዮን በላይ እንዲህ ያለ ጥሪ በማድረጉ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2023 ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቶታል።

ሁሉም ማጭበርበር ነው አልልም። ጥገናው እጅ የሚያቃጥል የአውሮፓ መኪና ለሚነዳ፣ ወይም መኪናው እንጀራው ሆኖ በአንድ ጊዜ 3 ሺህ ዶላር ማውጣት ለማይችል ሰው፣ ውሉን አንብቦ ከገባበት ያዋጣል። ግን ተነስተን በሩ ጋ ስንደርስ ዋጋው 1,900 ሆነ። አምስት እርምጃ ሄጄ 1,000 ዶላር ገደማ ከተቀነሰልኝ መኪና ማቆሚያው ድረስ ብሄድ በነጻ ሊሰጠኝ ነው ማለት ነው። አንድ ሐበሻ መካኒክ መኪናዋን ከፍ አድርጎ ከሥር አይቶ «ትንሽ ዘይት ታልባለች፤ ግን ቶዮታ ናት» ካለን በኋላ ያለ ዋራንቲ ገዛናት።

«ስልሳዋን ለራሳችን እንክፈላት» አለች ባለቤቴ፤ ለካምሪዋ የብቻዋ ሂሳብ ተከፈተ። ይህ ዋስትና የማይሸፍነው ነገር የለም። የአጎቴን ልጅ ምርቃት ሸፈነ። ሰርግ ሸፈነ። ለቅሶ ያለ ደረሰኝ ሸፈነ። ሁሉም የተቀበለው ከውሉ በፊት ለነበረ ችግር ነው። ካምሪዋ ብቻ እስካሁን አንድ ሳንቲም አልጠየቀችም።

በመጨረሻ ባለቤቴ ደንብ አወጣች፤ ጠያቂ ሁሉ የመጀመሪያዋን 100 ዶላር ራሱ ይችላል። ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ 300 ዶላር ሲለኝ ደንቡን አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ።

«እሺ፣ መቶውን እኔ ችያለሁ» አለ፤ «ሁለት መቶውን ላከው።»