ፍራፍሬ ለመብላት በመጀመሪያ ይታመሙ

ፍራፍሬ ለጤና እንደሚበጅ ሰምተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአትክልትና ከፍራፍሬ በቀን ቢያንስ 400 ግራም ይበላ ይላል። አይደንግጡ። እኛ የእብናት ሰዎች እንዴት እንደምንደርስበት ቀስ ብዬ ላስረዳዎ።

በመጀመሪያ ይታመሙ። ይህን አይዝለሉት። ጤነኛ ሰው ሁለት ኪሎ ሙዝ በፌስታል አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ሲገባ ጎረቤት «ምነው፣ ማን ታመመ?» ይላል። መልስ ይዘው ይገኙ። ጉንፋን አይበቃም፤ ለጉንፋን የሚመጣልዎ ዳማከሴ ነው። አልጋ የሚያስይዝ ይምረጡ። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ድረስ የሚያስልክ ከሆነ ብርቱካንም ይጨመርበታል።

ከዚያ የማይስማማዎትን ይለዩ። ጨጓራ ያለበት ብርቱካንና ሎሚ ሊያቃጥለው ይችላል። ስኳር ያለበት ከጁስ ይራቅ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሙዝ፣ ብርቱካንና አቮካዶ እንዲቀንስ ይመከራል፤ ፖታሲየሙ ከደም መውጣት ያቅተውና ልብ ያውካል። ሐኪሙ ይህን የሚነግርዎ ኮመዲኖው ላይ ሦስት ፌስታል ሙዝ ከተደረደረ በኋላ ነው። ጠያቂዎችዎን ቅር አያሰኙ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይቀበሉ። ሙዙ ሲጠቁር በትዕግሥት ይመልከቱ። ኩላሊትዎ ደህና በነበረ ጊዜም አልበሉም፤ ልምዱ አለዎት።

አሁን ወደ ማዋሃድ እንለፍ። «ሐብሐብ ከሌላ ጋር አይበላም፣ ሙዝና ወተት አይገናኝም» የሚሉ መካሪዎች አሉ። ጤነኛ ሆድ የመጣለትን አብሮ ይፈጫል፤ ወተት የማይስማማው ወተቱን ይተው፣ ሙዙ አላጠፋም። ቢሆንም ይታዘዟቸው። ለማዋሃድ ሁለት ዓይነት ያስፈልጋልና ትእዛዙ እኛ ዘንድ አይከብድም። አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ በአንድ ብርጭቆ የሚደራርበው ስፕሪስ የጁስ ቤት ሰዎች ፈተና ነው፤ ለእነሱ ይጸልዩላቸው።

በእርግጥ አጃቢ የሚያስፈልገው በለስ ነው። ዘሩ ብዙ ነው፤ ብቻውን ሲበዛ ሆድ ያደርቃል። ስለዚህ እህል ቀምሰው ይብሉት። በለስ የሚደርሰው በክረምት፣ ጎተራው ተራግፎ እህሉ ገና ማሳ ላይ ሳለ ነው። ሴፍቲኔት በተባለው የምግብ ዋስትና መርሐ ግብር ከታቀፉ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰፈር እህል አለ፤ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ። የሚሰፈረው ግን በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። በለሱን እስከ ጥር ያቆዩት። ልጆች ትዕግሥት ስለሌላቸው ብቻውን ይበሉና ሆዳቸውን ይዘው ያለቅሳሉ። ይምከሯቸው።

አጋም፣ እንኮይና ቀጋን በተመለከተ፣ ማስወገድ ያለበት ትዳር የያዘ ሰው ሁሉ ነው። የእረኛ ምግብ ናቸው፤ ቁጥቋጦ ስር ቆመው ሲለቅሙ የታዩ እንደሆነ «እነ እንትና ቤት እህል አልቋል» ይባላል። ቀጋ ከጽጌረዳ ወገን ነው፤ ፍሬው በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ነው፤ ይህ ቫይታሚን ደግሞ ከጤፍ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። ቀጋው አጥርዎ ላይ አለ። አይንኩት። ከተማ ወርደው ክኒኑን ይግዙ። ክኒን ሲውጡ ማንም አያማዎትም።

ስለ ጾም የሚሰጉ ካሉም አይስጉ። በዓመት ውስጥ በሚጾሙት ከመቶ በሚበልጡ ቀናት ፍራፍሬ አልተከለከለም። ሽሮዎን ይብሉ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ኮመዲኖው ላይ ያለው ሙዝ ጨርሶ ሳይጠቁር፣ ከአልጋዎ ግርጌ ነጠላዋን አንጥፋ ለምታድረው አስታማሚ ልጅዎ ሁለት ፍሬ ይስጧት። ጤነኛ ስለሆነች እስካሁን ማንም አላመጣላትም።