ለሰው መልስ ሞልቶህ ለራስህ ስታጣ

ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ያለ ሐበሻ ለነገረኛ መልስ አያጣም። የማታቱ ታክሲ ረዳት በኪስዋሂሊው ቢስቅበት፣ ደላላ ኪራይ ጨምር ቢለው፣ አፍታ ሳይቆይ አፉን ያስይዘዋል። ማታ ጋደም ሲል ግን «አንተ እኮ አትረባም» የሚል የገዛ ድምፁ ይመጣበታል፤ ያኔ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። ወንድሜ፣ ለደላላ የነፈግኸውን ዝምታ ለዚህ ለምን ትለግሰዋለህ? መልስለት እንጂ!

«የውጭ ጉዞ ፕሮሰስህ የቆመው ዕድለ ቢስ ስለሆንክ ነው።»
«ፋይሉ የተቆለለው ቢሮ ነው። እኔ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሥራዬ ላይ ነኝ።»
«ኪስዋሂሊህ ስብርባሪ ነው።»
«በዚሁ ስብርባሪ ተከራክሬ ኪራይ አስቀንሻለሁ። ነገ አንድ ቃል እጨምርበታለሁ።»
«አርባ ሞላህ፣ ምን ሠራህ?»
«እናቴን ጠይቃት። መድኃኒቷን ማን እንደሚገዛ ትነግርሃለች።»
«ሁሌም ትሳሳታለህ።»
«ሁሌም? ትናንት ተሳሳትኩ። ትናንት አንድ ቀን ነው።»

ከሁሉም ይህችን የመጨረሻዋን እወዳታለሁ። ክፉው ድምፅ የሚኖረው «ሁሌም» እና «መቼም» በሚሉት ላይ ነው፤ ቀንና ሰዓት ስትጠይቀው ይንተባተባል።

ደግሞስ ድምፁ ያንተ ነው ያለው ማን ነው? ከናይሮቢ አቅራቢያ ሊሙሩ የተወለደው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ስለ ቋንቋና ቅኝ ግዛት በሚናገር መጽሐፉ የልጅነት ትምህርት ቤቱን ያነሳል። በግቢው ውስጥ በእናቱ ቋንቋ በኪኩዩኛ ሲያወራ የተያዘ ልጅ ይገረፋል፤ አለዚያም «ደደብ ነኝ» ወይም «አህያ ነኝ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ብረት አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበታል። ጥፋተኛው የሚታወቀው ከልጅ ወደ ልጅ በምትተላለፍ አንዲት የልብስ ቁልፍ ነበር፤ ኪኩዩኛ ሲናገር የተሰማ ሁሉ ይቀበላታል። እንዲህ እያሉ አስተማሪዎቹ ልጆቹን እርስ በርስ አሳዳጅ አደረጓቸው። ልብ በል፣ ብረቱ «ደደብ ነህ» አላለም። «ነኝ» ነው ያለው። ስድቡን የጻፈው አስተማሪ ነው፤ የሚናገረው ግን ልጁ ሆነ። የብዙዎቻችን የሌሊት ድምፅም የተወለደው እንዲሁ ነው።

ንጉጊ ግን መለሰ። እ.ኤ.አ. በ1977 ማብቂያ፣ በኪኩዩኛ ቲያትር ምክንያት መንግሥት ያለ ፍርድ ካሚቲ እስር ቤት ሲያስገባው፣ አስተማሪዎቹ ባስናቁት በዚያው ቋንቋ በሻካራ የመጸዳጃ ወረቀት ላይ ልብ ወለድ ጻፈ። ከዚህ የበለጠ ምን መልስ አለ?

ታዲያ መልስ ስልህ ባዶ ውዳሴ ማለቴ አይደለም። መስታወት ፊት ቆሞ «ጀግና ነኝ፣ ተወዳጅ ነኝ» ማለት ለሁሉም አይሠራም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «ተወዳጅ ሰው ነኝ» እያሉ ሲደጋግሙ ጭራሽ ባሰባቸው። ልብ የማያምነውን አፍ ቢደጋግመው ጠቡ ይከፋል። የእናትህ መድኃኒት ግን ደረሰኝ አለው፤ ያስቀነስከው ኪራይም እንዲሁ። ክፉው ድምፅ ሲመጣ እነዚህን አውጣለት። «አይዞህ እገሌ» ብለህ በስምህ ጥራና ለጓደኛህ እንደምትናገር ተናገር፤ ራስን በስም መጥራት ንዴትንና ፍርሃትን እንደሚያበርድ ተመራማሪዎች ፈትነው አይተውታል።

እናንተ ወላጆችና አስተማሪዎች ደግሞ፣ በኢስሊም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ብረት ባታንጠለጥሉም ምላሳችሁ ብረት ነው። ልጁ ስምንት ሲደመር ሰባት ቢሳሳት ስሌቱን አርሙለት። «ደደብ» የሚለውን ቃል ግን ከዛሬ ጀምሮ ከቤታችሁና ከክፍላችሁ አውጡ።