ጥቀሰኝ ልጥቀስህ

ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተቀጥረህ ረዳት ፕሮፌሰርነቱን ይዘህ፣ አሁን ደግሞ ቀና ብለህ ተባባሪ ፕሮፌሰርነትን የምታይ ወጣት መምህር ከሆንህ ይህ ምክር ላንተ ነው። እህቴ ብትሆኚም ምክሩ ያው ነው። ዕውቀት መጨመር ለሚፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለለት፤ ዳገት ነው፣ በክረምት ደግሞ ጭቃው አይጣል ነው። እኔና አንተ የምንፈልገው ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ኤች-ኢንዴክስ ይባላል። ያወጣው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የፊዚክስ ሊቅ ሆርሄ ሂርሽ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 2005። አሠራሩ ቀላል ነው። አሥር ጽሑፍ ኖሮህ እያንዳንዳቸውን ቢያንስ አሥር አሥር ጊዜ ሌሎች ከጠቀሱልህ ኤችህ 10 ነው። ሂርሽ ራሱ እንዳለው አንድ የፊዚክስ ተመራማሪ በሃያ ዓመት ሥራው 20 ከደረሰ ተሳክቶለታል፣ 40 ከሞላ ደግሞ አንቱ የተባለ ነው። እሺ፣ አንድ ጽሑፍ ብቻ ጽፈህ አምስት ሺህ ሰው ቢጠቅስህስ? 1። ይህ ያልገባው ሰው ነው ቁጭ ብሎ መጽሐፍ የሚጽፈው።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድ ዋህኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረበው ሥራ የጌዴኦን የመሬት አያያዝ የሚመለከት ነው። ርዕሱ ላይ የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነትን አንስቶ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አስቀምጦበታል። ዛሬ ስለ ጌዴኦ እንሰት፣ ቡናና ጥላ ዛፍ የሚጽፍ ሰው ይህን ሥራ ሳይጠቅስ ማለፍ ይከብደዋል። ኤች-ኢንዴክስ ግን ለዚህ ሁሉ ቢበዛ የሚሰጠው አንድ ነጥብ ነው። አንተም ቅዳሜ ከሰዓት የምትጨርሳት ስድስት ገጽ፣ ወዳጆችህ በበቂ ቁጥር ከጠቀሷት፣ ያንኑ አንድ ነጥብ ታስገኝልሃለች። የይርጋጨፌን ቡና ሳይቀምሱ በጆንያ ቁጥር ደረጃ እንደማውጣት ነው የሚል ሰው ካጋጠመህ አትከራከረው፤ ጆንያ ቁጠር።

ስለዚህ ጥናትህን ቆራርጠው። ጥላ ዛፍ ለቡና ያለውን ጥቅም አጥንተህ ከሆነ በአንድ ጽሑፍ አታባክነው። ወናጎ አንድ፣ ይርጋጨፌ አንድ፣ ኮቸሬ አንድ፣ ቡሌ አንድ፣ ገደብ አንድ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጌዴኦ ዞን ወረዳ አያጣም። መግቢያው ያው፣ ዘዴው ያው፣ ማጠቃለያው ላይ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» በል። ተጨማሪው የቀጣዩ ወረዳ ነው። መግቢያው ላይ ደግሞ «በርዕሰ ጉዳዩ ላይ ከዚህ በፊት በቂ ጥናት አልተደረገም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር እንዳትቀር። እውነት እንድትሆንልህ የቆዩ ጽሑፎችን አታገላብጥ። ጌዴኦ በድሮዎቹ መጻሕፍት «ደራሳ» ተብሎ እንደሚገኝ ታውቃለህ፤ እንዳላወቅህ ሁን። ኮምፒውተሩ ላይ «ጌዴኦ» ብቻ ብለህ ፈልግ፣ ክፍተቱ ራሱ ይመጣልሃል።

ከዚያ ጠቃሽ ያስፈልግሃል። የመጀመሪያው ጠቃሽ አንተው ነህ፤ አምስቱ ወረዳዎች እርስ በርሳቸው ይጠቃቀሱ። ቀጥሎ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ወላይታ ሶዶ ያሉትን የማስተርስ ጓደኞችህን አስታውስ። እከክልኝ ልከክልህ የቆየ ሥርዓት ነው፤ አዲስ የሆነው በሰንጠረዥ መመዝገቡ ብቻ ነው። ይሠራል ወይ ካልህ የአይክ አንትኬርን ታሪክ ስማ። በግሬኖብል የሚያስተምረው ሲሪል ላቤ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን ስም ከራሱ ፈጥሮ፣ ኮምፒውተር የፈበረካቸውን ከመቶ በላይ ትርጉም አልባ ጽሑፎች በስሙ አወጣለትና እርስ በርስ አጠቃቀሳቸው። የጉግል ስኮላር ቆጣሪ ለሌለው ሰው ኤች-ኢንዴክስ 94 ሰጠው፤ ከአይንስታይን በላይ። አንተ ደግሞ ቢያንስ አለህ።

አሁን ወደ ስምህ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሀብት ተቀብሯል። ስምህ አበበ፣ አባትህ ከበደ ይባሉ እንበል። የውጭው የመረጃ ቋት የቤተሰብ ስም ይፈልጋልና መጨረሻ ያገኘውን ይይዛል፤ «ከበደ፣ ኤ.» ብሎ ይመዘግባል። በዓለም ፊት ጥናቱን የሠሩት አባትህ ናቸው ማለት ነው። እርሳቸው ወናጎ ቡናቸውን እየለቀሙ፣ ጃፓን ያለ ተመራማሪ «ከበደ እንዳረጋገጡት» እያለ ይጽፋል። አያትህን ከጨመርህማ የጥናቱ ባለቤት በንጉሡ ዘመን ያረፉት ሽማግሌ ይሆናሉ። ጥንቁቅ የሚባሉት መምህራን ይህን ለማስተካከል ሲደክሙ ይውላሉ። አንተ አትድከም። «ከበደ፣ ኤ.» ማለት አበበም፣ አልማዝም፣ አየለም፣ አስቴርም ነው፤ ሁሉም የከበደ ልጆች ናቸው። ጎንደር ያለች አልማዝ ስለ ወባ የጻፈችው አንድ ቀን አንተ ገጽ ላይ ተደርቦ ብታገኘው «ይህ የኔ አይደለም» የሚለውን አትንካ። የቡና ተመራማሪ ስለ ወባ አያውቅም ያለ ማነው?

ችግሩ በሌላ በኩልም ይመጣል። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ቁጠረውና፣ ባለስሟ በየጽሑፏ አንዳንድ ፊደል ከቀያየረች ቆጣሪው አራት ሴቶች አድርጎ ይበትናታል፤ አራቱም ድሆች። ይህን የሚፈታ ኦርኪድ የሚባል የ16 አሃዝ መለያ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ለመመዝገብ ደቂቃዎች ብቻ ይበቃሉ። አትመዝገብ። ከተመዘገብህ የሚቆጠርልህ ራስህ የጻፍኸው ብቻ ይሆናል።

የአብሮ ጸሐፊ ነገር በአጭሩ፦ ማንንም አትከልክል። የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ፣ መኪናውን የፈቀደውን፣ ቡና የጋበዘህን ሁሉ አስገባ፤ ነገ እነርሱም ያስገቡሃል። የሚቺጋኑ ፊዚሲስት ጃክ ሄዘሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1975 ድመቱን «ኤፍ. ዲ. ሲ. ዊላርድ» ብሎ አብሮ ጸሐፊ አድርጎታል። ብቻውን የሠራውን «እኛ» እያለ በታይፕ ጽፎ ስለጨረሰ፣ እንደገና ከመጻፍ ድመት መጨመር ቀለለው። ምክንያት ነበረው ማለት ነው፤ አንዳንድ አብሮ ጸሐፊዎች ግን ይህንንም ያህል ምክንያት የላቸውም።

የት ልታትም? ኢሜይልህን ክፈት፤ ጆርናሎቹ ራሳቸው ይፈልጉሃል። «ለተከበሩ ፕሮፌሰር ዲላ» ይላል፤ የዩኒቨርሲቲው ስም ያንተ መስሏቸው ነው፣ አትቀየም። ዘርፍህ አፈር ሲሆን የልብ ቀዶ ሕክምና ጆርናል ቢጋብዝህም አትገረም። ግምገማው በሦስት ቀን ያልቃል፣ አስተያየቱም «እጅግ ግሩም ሥራ» የሚል ነው። እንዲህ ያሉትን አሳታሚዎች እየመዘገበ ያጋልጥ የነበረው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቢል እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ዝርዝሩን ከኢንተርኔት አንስቶታል፤ ትንሽ ተንፍስ። ክፍያው በዶላር መሆኑ ነው ችግሩ። ዋሽንግተን ያለችው የአክስትህ ልጅ በካርዷ ትከፍልልህና እናቷ እዚህ በብር ይቀበላሉ። በእርግጥ ስመ ጥር የሆኑ ብዙ ክፍት ጆርናሎች እንደ ኢትዮጵያ ካለ አገር ለሚጽፍ ሰው ክፍያውን ይምራሉ፤ ግን ከማሩህ በኋላ ጥያቄ ይጠይቁሃል። «ናሙናው ለምን አነሰ?» ይሉሃል። ለዚህ ሁሉ ጣጣ የአክስት ልጅ ይሻላል።

አንድ አስቸጋሪ ሽማግሌ በማዕረግ ዕድገት ኮሚቴው ውስጥ አይጠፋም፤ ለእርሱ ተዘጋጅ። ሂርሽ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 የፈጠረው መለኪያ ያልታሰበ ጉዳት ማስከተሉን ጽፏል ይልሃል። ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1955 የጥቅሶችን ማውጫ ሲያቅድ ዓላማው ተመራማሪ ሐሰተኛና ጊዜ ያለፈበትን ነገር ሳይመረምር እንዳይጠቅስ ማድረግ ነበር ይልሃል። ይህም ሳይበቃው ፒተር ሂግስን ያነሣል፤ የኖቤል ሽልማቱን ባገኘበት እ.ኤ.አ. በ2013፣ በዛሬው ሥርዓት ሥራ የሚቀጥረኝ አይኖርም ነበር ያለውን። ሁሉም እውነት ነው። በአክብሮት ጎንበስ ብለህ አድምጥና ሲጨርስ የሽማግሌውን ኤች-ኢንዴክስ ጠይቀው።

የምፈራልህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሳ መውረድ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያን ዳገት በዛፍ፣ በእንሰትና በቡና ደርበው ለዘመናት አፈሩን ያቆዩት ገበሬዎች ኤች-ኢንዴክሳቸው ዜሮ ነው። በጽሑፍህ ውስጥ «መረጃ ሰጪ ቁጥር 7» ተብለው ይገባሉ፤ የጥናት ሥነ ምግባር ስማቸውን ደብቅ ይላል፣ በዚህ ላይ ሥነ ምግባርን አጥብቀህ ያዝ። የግድ መሄድ ካለብህ ጠዋት ሂድና መጠይቅህን አጣድፈህ ሙላ። የትኛው ዛፍ ሥር ቡና ይመቸዋል፣ የትኛው እንሰት መቼ ይነቀላል የሚለውን ሲነግሩህ ብዙ አትቆይ፤ የወሬው መጨረሻ አይታወቅም። ቁጥር 7 ቡና አፍልተው፣ ቆጮ አቅርበው፣ ከተቀመጡ በኋላ መጠየቃቸው አይቀርም፦ «አምና የመጣው ልጅ የጻፈውስ የታለ?»

በእንግሊዝኛ ነው በላቸው። የት ይገኛል ካሉ ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ለማንበብ ግን ይከፈልበታል በላቸው። ስንት ካሉ ብዙ ጊዜ ከ30 ዶላር ይበልጣል በል፤ ዋጋ መደበቅ ነውር ነው። ይህን ጊዜ ዝም ብለው በዘንድሮው የእሸት ቡና ዋጋ ስንት ኪሎ እንደሚሆን ማስላት ከጀመሩ፣ አቦሉን እንደ ጨረስህ አመስግነህ ተነስ፤ ቶናው እስኪደርስ አትጠብቅ።